የማይበላው ዓሣ ለምን መንጠቆ ይጎርሳል? የቸም ሳልሞን አጠማመድና የመሣሪያው ምርጫ

በጣና፣ በዝዋይ ወይም በሐዋሳ ሐይቅ ዳር በመንጠቆ ዓሣ ሲጠመድ የተመለከተ ሰው አንድ ደንብ ሳይነገረው ይገነዘባል። መንጠቆው ላይ የሚሰካው ዓሣው የሚወደው ምግብ ነው። ዓሣው ይራባል፣ ይጎርሳል፣ ይያዛል። አጥማጁም ችሎታው የሚለካው የዓሣውን ምግብ በማወቁና ዓሣው የሚመገብበትን ሰዓት በመለየቱ ነው። «ዓሣን መብላት በብልኃት» የሚለው የአበው አባባል ለማጥመዱም ይሠራል።

ይሁንና በሰሜናዊ ፓስፊክ ውቅያኖስ ዙሪያ፣ ከጃፓን እስከ አላስካና እስከ ዋሽንግተን ግዛት፣ በየዓመቱ በመኸር ወራት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዓሦች ወደ ወንዝ አፍ ሲደርሱ ይህ ደንብ ይፈርሳል። እነዚህ ዓሦች መብላት አቁመዋል። ከእንግዲህ እስከ ሞታቸው ድረስ አይበሉም። አጥማጆች ግን በዘንግና በመንጠቆ ይይዟቸዋል። ከረሃብ ውጭ የሆነ ዓሣ መንጠቆ የሚጎርሰው ስለ ምንድን ነው? መሣሪያውስ በምን ሚዛን ይመረጣል? በዚህ ጽሑፍ ቸም ሳልሞን የተባለውን ዓሣ ይዘን ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ እንፈልጋለን። የመሣሪያው ምርጫ የሚወስነው ዓሣው መያዝ አለመያዙን ብቻ ሳይሆን የትኛው ዓሣ ተይዞ የትኛው እንደሚተርፍም ጭምር ስለሆነ ጥያቄው ከአጥማጁ ቅርጫት ያለፈ ነው። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዓሣውን እንወቀው

ቸም ሳልሞን በሳይንሳዊ ስሙ ኦንኮርሂንከስ ኬታ ይባላል። ከፓስፊክ ሳልሞኖች መካከል በስርጭቱ ስፋት የሚወዳደረው የለም። በእስያ በኩል ከኮሪያና ከጃፓን ተነሥቶ በሩሲያ ምሥራቃዊ ጠረፍ እስከ አርክቲክ ወንዞች፣ በአሜሪካ በኩል ደግሞ ከአላስካ እስከ ኦሪገን ይገኛል። በግዝፈትም ከቺኑክ ሳልሞን ቀጥሎ ሁለተኛ ነው። የተለመደው ክብደት ከ3.5 እስከ 7 ኪሎ ግራም ሲሆን፣ በዘንግ ከተያዙት ሁሉ ትልቁ ሆኖ የተመዘገበው በ1995 በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የተያዘው ወደ 16 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ዓሣ ነው።

«ቸም» የሚለው ስም የመጣው በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ጠረፍ ነጋዴዎችና ነባር ሕዝቦች ይግባቡበት ከነበረው የቺኑክ ቅይጥ ቋንቋ ሲሆን ትርጉሙ ዥንጉርጉር ማለት ነው። ዓሣው በባሕር ሳለ ብርማ ነው። ወደ ወንዝ ሲጠጋ ግን ጎኑ ላይ ሐምራዊ፣ አረንጓዴና ቀይ ሸንተረሮች ይወጡበታል፤ የወንዱ መንጋጋ ይቆለመማል፣ ጥርሶቹም ይረዝማሉ። «የውሻ ሳልሞን» የሚለው ሌላው መጠሪያው ከእነዚሁ ጥርሶቹ ጋር ይያያዛል፤ በአላስካ ደግሞ የበረዶ ተንሸራታች የሚጎትቱ ውሾች ይቀለቡበት ስለነበር ስሙ ሁለት ጊዜ ይገባዋል።

በአገራችን ቸም ሳልሞን የለም። የአንድ ወገን ዘመዱ ግን አለ። ከውጭ መጥቶ በባሌ ተራሮች ቀዝቃዛ ወንዞች እንዲራባ የተደረገው ቀስተ ደመና ትራውት በሳይንሳዊ አመዳደብ ከቸም ሳልሞን ጋር በአንድ ዝርያ ሥር የሚውል ነው። በዲንሾ አካባቢ በወብ ወንዝ ትራውት ያየ አንባቢ የሳልሞንን የሰውነት ቅርጽ፣ በጀርባው ክንፍና በጅራቱ መካከል ያለችውን ትንሿን የሥብ ክንፍ ጭምር፣ አይቷል ማለት ነው።

የሆድ ዕቃው ሲዘጋ

የቸም ሕይወት የሚጀምረው በወንዝ ጠጠር ውስጥ ነው። በጸደይ ከጠጠሩ የሚወጣው ጫጩት በወንዙ ብዙ ሳይቆይ ወደ ባሕር ይወርዳል። በዚህ ከኮሆና ከቺኑክ ይለያል፤ የእነዚያ ጫጩቶች ብዙ ጊዜ ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመት ከዚያም በላይ በወንዝ ያሳልፋሉ። ቸም ከሦስት እስከ አምስት ዓመት በውቅያኖስ ውስጥ ጥቃቅን እንስሳትን፣ ትናንሽ ዓሦችንና ሌሎች ሳልሞኖች እምብዛም የማይፈልጓቸውን እንደ ጄሊፊሽ ያሉ ልል አካል ያላቸውን ፍጥረታት እየበላ ያድጋል።

ለመራባት ሲደርስ ሰውነቱ አቅጣጫውን ይለውጣል። በባሕር ውስጥ የዓሣው ደም ከአካባቢው ውኃ ያነሰ ጨው ስላለው ሰውነቱ ውኃ ያጣል፤ ስለዚህም ባሕሩን እየጠጣ ትርፉን ጨው በስንጥቡ ያስወጣል። ወንዝ ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል፤ ውኃው በስንጥቡና በቆዳው ሰርጎ ይገባል፣ ጨው ግን ይሸሻል። በስንጥቡ ላይ ያሉት ጨው አመላላሽ ሕዋሳት ሥራቸውን በተቃራኒው መሥራት አለባቸው። በዚሁ ወቅት የወሲብ ሆርሞኖችና ኮርቲሶል በደሙ ውስጥ ይጨምራሉ። በሴቷ ሆድ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ዕንቁላሎች ከክብደቷ ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጋውን ይዘው ቦታውን ይሞሉታል። ጨጓራውና አንጀቱ ግን ይኮማተራሉ።

ከዚህ በኋላ ያለው ጉዞ ሁሉ በተጠራቀመ ሥብና በጡንቻ ፕሮቲን ነው። በአላስካና በካናዳ በሚፈሰው የዩኮን ወንዝ አንዳንዱ ቸም ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሽቅብ ይዋኛል፤ ይህን ያህል መንገድ አንዲት ጉርሻ ሳይቀምስ ነው የሚሄደው። የዩኮን ቸም ከሌላው ሥፍራ ቸም ይልቅ በሥብ የዳበረበት ምክንያት ይኸው የስንቅ ጉዳይ ነው። አንድ ተጨማሪ ለውጥም ለአጥማጁ ትርጉም አለው። የሳልሞን ሥጋ ቀይ የሚሆነው አስታዛንቲን በተባለ ቀለም ሲሆን፣ ዓሣው ለመራባት ሲደርስ ይህ ቀለም ከጡንቻ ወጥቶ በወንዱ ወደ ቆዳ፣ በሴቷ ደግሞ ወደ ዕንቁላል ይሄዳል። ስለዚህ ቆዳው እጅግ ያማረው ዥንጉርጉር ዓሣ ሥጋው የገረጣና ሥቡ ያለቀበት ነው። ለምግብ የሚፈልግ ሰው ብርማውን ገና ከባሕር ሳይወጣ መያዝ አለበት፤ የት እንደሚጠመድና በምን እንደሚጠመድ የሚወስነው የመጀመሪያው ነገርም ይህ ነው።

ታዲያ ለምን ይነክሳል?

ለዚህ ጥያቄ አንድ ቁርጥ ያለ መልስ የለም፤ የሚቀርቡት ማብራሪያዎች ግን እርስ በርስ አይጣሉም። የመጀመሪያው ልማድ ነው። ለዓመታት የሚንቀሳቀስን ትንሽ ነገር ሲያይ አፉን ሲከፍት የኖረ ዓሣ፣ የረሃቡ ስሜት ቢጠፋም እይታንና አፍን የሚያገናኘው የነርቭ መንገድ ወዲያው አይጠፋም። በተለይም ገና በባሕር ዳር ያለው ዓሣ ይህ ባሕርይ በብርቱ ይታይበታል። ሁለተኛው ጠብ ነው። በመራቢያው ሥፍራ ወንዶች ባላንጣቸውን በጥርስ ያባርራሉ፤ እነዚያ ረጃጅም ጥርሶች የተሠሩት ለመብላት ሳይሆን ለመደባደብ ነው። በፊቱ ደጋግሞ የሚያልፍ ደማቅ ነገር እንደ ተዳፋሪ ይቆጠርና ይነከሳል። ሦስተኛው ደግሞ ዓሣ እጅ የለውም የሚለው ቀላል እውነት ነው፤ እንግዳ ነገርን የሚመረምረው በአፉ ነው።

አራተኛም አለ፤ አጥማጆች ሊሰሙት ባይወዱም ልንዘለው አይገባም። ዓሦቹ ተጨናንቀው በሚዋኙበት ጠባብ ወንዝ ረጅም ክር በአግድም ሲጎተት፣ ለመተንፈስ በተከፈተው አፋቸው ውስጥ ይገባና መንጠቆው ከውጭ በኩል መንጋጋቸውን ይይዛል። አጥማጁ «ነከሰ» ይላል፤ ዓሣው ግን አልነከሰም። ሆን ብሎ አካሉን በመንጠቆ መውጋት በዋሽንግተን ግዛት ሕግ የተከለከለ ነው፤ በክር አፍን መጥለፍ ግን ከውጭ ሲታይ ከእውነተኛ ንክሻ ለመለየት አስቸጋሪ ነው። እኛ የምንመዝነው እንዲህ ነው፦ ረጅም ተቀጥላ ክር፣ ከባድ እርሳስና ባዶ መንጠቆ ይዞ የሚጎትት ሰው የዓሣውን ባሕርይ አጥንቷል ለማለት አይቻልም።

እንግዲህ መሣሪያው ምግብ ማቅረብ ሳይሆን ማነሣሣት ነው ሥራው ካልን፣ መመረጥ ያለበት ዓሣው በሚያይበት፣ በሚሰማበትና በሚያሸትበት መንገድ ነው።

ቀለም፣ ንዝረትና ሽታ

ውኃ ቀለማትን እኩል አያሳልፍም። ንጹሕ ውኃ ቀዩን ብርሃን ቀድሞ ስለሚውጥ፣ ከጥቂት ሜትሮች ጥልቀት በታች ቀይ ዕቃ ጥቁር መስሎ ይታያል። ደለል ወይም የበሰበሰ ቅጠል ያለበት ውኃ ደግሞ ሰማያዊውን ስለሚውጥ የሚተርፈው ቢጫና አረንጓዴው ነው። የቸም አጥማጆች ለረጅም ዘመን የሚመርጧቸው ደማቅ ሮዝ፣ ቢጫማ አረንጓዴና ሐምራዊ ናቸው። በመጀመሪያ ሲታይ ይህ የዘፈቀደ ምርጫ ይመስላል። ነገር ግን የሚሸጡት ሮዝና ቢጫማ አረንጓዴ ማባበያዎች አብዛኞቹ ፍሎረሰንት ቀለም የተቀቡ ናቸው። ፍሎረሰንት ቀለም አጭር ሞገድ ያለውን ብርሃን ተቀብሎ በረጅም ሞገድ መልሶ ይለቃል። ስለዚህ ቀይ ብርሃን በማይደርስበት አረንጓዴ ውኃ ውስጥ ተራ ሮዝ ሲጨልም ፍሎረሰንት ሮዝ ይበራል። ሐምራዊው ሌላ አገልግሎት አለው፤ በጥርት ውኃና በብርሃን ቀን ጥላውን በጉልህ ያሳያል እንጂ ዓሣውን አያስደነብርም።

ዓይኑም ራሱ ይለወጣል። ሳልሞን ከባሕር ወደ ወንዝ ሲመለስ በዓይኑ ውስጥ ያለው ብርሃን ተቀባይ ቀለም ከቫይታሚን ኤ አንድ ወደ ቫይታሚን ኤ ሁለት በሚመነጨው ይተካል፤ ይህም የማየት ኃይሉን ወደ ቀዩ ወገን ያዘነብለዋል። ሰማያዊ ከሆነው ውቅያኖስ ወጥቶ ቡናማ ወንዝ ለሚገባ እንስሳ ይህ ጠቃሚ ለውጥ ነው። አጥማጁ በባሕርና በወንዝ አንድ ዓይነት ቀለም መጠቀም የማይገባው ከዚህ የተነሣ ነው ብለን እናምናለን።

ዓሣው በጎኑ ካለው መስመር የሚያገኘው ስሜትም አለ። ይህ የጎን መስመር በቅርብ ያለውን የውኃ መናወጥ የሚለይ የሕዋሳት ረድፍ ነው። በሚሽከረከር ወይም በሚወዛወዝ የብረት ማንኪያ የሚነሣው ንዝረት በደፈረሰ ውኃ ከቀለም ይልቅ ይጠቅማል።

ስለ ሽታ አስደናቂ የሆነ ሙከራ አለ። በ1954 ብሬትና ማኪነን የተባሉ ካናዳውያን ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ሽቅብ በሚጓዙ ኮሆና ቺኑክ ሳልሞኖች መንገድ ላይ እጅ የታጠበበት ውኃ ሲጨመር ዓሦቹ ተደናግጠው ጉዟቸውን አቆሙ። የድብ መዳፍ የተነከረበት ውኃም እንዲሁ አደረጋቸው። ኋላ ላይ ሴሪን የተባለው አሚኖ አሲድ ዋነኛው ምክንያት መሆኑ ታወቀ። ሳልሞን የተወለደበትን ወንዝ በሽታ ለይቶ የሚመለስ ዓሣ እንደ መሆኑ አፍንጫው እጅግ ስል ቢሆን አያስገርምም። ስለዚህ ልምድ ያላቸው አጥማጆች ማባበያውን ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በወንዙ ውኃና በጭቃ ቢያሹ፣ ወይም ሽሪምፕ ቁራጭ በመንጠቆው ጫፍ ቢሰኩ፣ ልማድ ብቻ ነው ብለን ልንስቅባቸው አይገባም። ቁራጩ ዓሣውን ባይመግበው የሰውን ሽታ ይሸፍናል።

በሆካይዶ ዳርቻ

በጃፓን በ1951 በወጣ የውኃ ሀብት ጥበቃ ሕግ መሠረት ሳልሞንን በወንዝ ውስጥ ማጥመድ የተከለከለ ነው። በሆካይዶ ደሴት በቹሩዪ ወንዝ በ1995 የተጀመረው፣ በምርምር ስም በፈቃድ የሚደረገው ማጥመድ ልዩ ሁኔታ ነበር። በመሆኑም የሆካይዶ አጥማጅ ዓሣውን የሚጠብቀው በባሕር ዳር፣ ከወንዝ አፍ ከተከለከለው ክልል ውጭ ነው። ክልከላው የራሱ የሆነ መሣሪያ ወልዷል።

መሣሪያው ከ30 እስከ 50 ግራም የሚመዝን የብረት ማንኪያ ነው፤ ከፊቱ ትልቅ ተንሳፋፊ ይታሰራል፤ ከማንኪያው ኋላ ደግሞ ስምንት እግር ያለው የባሕር እንስሳ የሚመስል ቀይ ወይም ሮዝ የጎማ ቀሚስ የለበሰ መንጠቆ ይንጠለጠላል። በመንጠቆው ላይ በጨው የታሸ የዓሣ ሥጋ ይሰካል። ብልሃቱ ተንሳፋፊው ላይ ነው። ብረት ማንኪያ ብቻውን ቀስ ብሎ ቢጎተት ይሰምጣል፤ እንዳይሰምጥ ቢፈጥን ደግሞ የማይራበው ቸም አይከተለውም። ተንሳፋፊው ማንኪያውን ከውኃው ወለል አንድ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ አንጠልጥሎ ስለሚይዘው፣ አጥማጁ የፈለገውን ያህል በዝግታ መጠቅለል ይችላል። ማንኪያው ከባድ የሆነው ደግሞ ለዓሣው ሳይሆን ለውርወራው ነው፤ ከማዕበሉ ወዲያ ለመድረስ ክብደትና ከ3 እስከ 4 ሜትር የሚረዝም ዘንግ ያስፈልጋል። አንድ መሣሪያ ሁለት የሚጋጩ ፍላጎቶችን፣ ሩቅ መወርወርንና በዝግታ መጎተትን፣ እንዲህ ሲያስታርቅ ማየት ለመሐንዲስም ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው።

በሁድ ካናልና በወንዝ ውስጥ

ከሲያትል ከተማ በስተ ምዕራብ ሁድ ካናል የተባለ ጠባብና ረጅም የባሕር ክንድ ወደ የብስ ዘልቆ ይገባል። በኅዳር ወር ግድም በሁድስፖርት የዓሣ ማስፈልፈያ ጣቢያ አጠገብ አጥማጆች እስከ ወገባቸው ውኃ ገብተው ትከሻ ለትከሻ ይቆማሉ። በሲያትልና በአካባቢዋ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስላሉ ከአንባቢዎቻችን መካከል ይህን ሥፍራ ያየ ሊኖር ይችላል። ፈቃድና የተያዘው ዓሣ የሚመዘገብበት ካርድ መያዝ ግዴታ ነው።

እዚህ የሚመረጠው ተንሳፋፊና ጂግ ነው። ጂግ ራሱ ላይ እርሳስ የተጣበቀበት፣ በላባ ወይም በጸጉር የተሸፈነ መንጠቆ ሲሆን ክብደቱ ከ7 እስከ 14 ግራም ነው። ማዕበሉ ተንሳፋፊውን ከፍና ዝቅ ሲያደርገው ላባው በውኃ ውስጥ እንደሚተነፍስ ነገር ይከፈታል፣ ይከደናል። አጥማጁ ምንም ባያደርግ ይሻላል። ባሕሩ ሲሞላ ዓሦቹ ወደ ዳር ይጠጋሉ፤ ሲጎድል ይርቃሉ፤ ስለዚህ የባሕሩን መሙያና መጉደያ ሰዓት የሚነግረው ሠንጠረዥ ከማንኛውም ማባበያ ይበልጥ ያገለግላል።

በወንዝ ውስጥ ነገሩ የተወሳሰበ ነው፤ ጥቂት ፊዚክስም ይጠይቃል። ቸም በለስላሳ ፍሰት፣ ከወለሉ አቅራቢያ መዋኘት ይወዳል። የወንዝ ፍጥነት ግን ከላይ እስከ ታች አንድ አይደለም፤ ወለሉ በድንጋይና በጠጠር ስለሚገታ የታችኛው ውኃ ከላይኛው ይዘገያል። በምሳሌ እንየው። የላይኛው ውኃ በሴኮንድ 1 ሜትር፣ የታችኛው 0.5 ሜትር ቢጓዝ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ተንሳፋፊው 60 ሜትር ሊሄድ ሲሞክር ከዓሣው ፊት የሚያልፈው ቅጠልና ቆሻሻ የሚጓዘው 30 ሜትር ብቻ ነው። በተንሳፋፊው የሚጎተተው ጂግ በዙሪያው ካለው ነገር ሁሉ በእጥፍ ፈጥኖ፣ እንዲሁም ወደ ላይ ተነሥቶ ያልፋል። ዓሣው አያሳድደውም። መፍትሔው ተንሳፋፊውን በዘንጉ ጫፍ በቀስታ መግታትና ውኃው ላይ የተኛውን ትርፍ ክር እያነሡ ወደ ላይኛው ፍሰት መመለስ ነው። ቀጭን ክር የሚመረጥበትም ምክንያት ይኸው ነው፤ ፍሰት በክር ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ከክሩ ውፍረት ጋር አብሮ ያድጋል።

ምን ያህል ጠንካራ?

ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የውኃ ግፊት በአራት እጥፍ ይጨምራል። የተያዘ ቸም ጎኑን ለፍሰቱ ሰጥቶ ቁልቁል ሲሸሽ አጥማጁ የሚታገለው ከስድስት ኪሎ ዓሣ ጋር ብቻ አይደለም፤ ከወንዙም ጋር ነው። ጀማሪ ባለበት ቆሞ ይጎትታል፣ ክሩም ይበጠሳል። ልምድ ያለው ሰው በዳርቻው ወደ ታች ይራመድና ከዓሣው ጎን ይቆማል፤ ያን ጊዜ ወንዙ ከዓሣው ወገን መሆኑ ያበቃል።

ለዚህ ሥራ 6 ኪሎ ግራም ገደማ የሚችል፣ ውፍረቱ 0.3 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ ናይለን ክር ይበቃል። የክር መጠቅለያው መያዣ የሚጠብቀው ክሩ ከሚችለው ሩብ እስከ ሲሶ ላይ፣ ማለትም ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ግራም ሲሳብ እንዲለቅ ነው። የቀረው አቅም ለድንገተኛ መንጭታ፣ ለቋጠሮና በድንጋይ ለሚፈገፈግ ክር የተቀመጠ ነው። በዝንብ መሰል ማባበያ የሚያጠምዱት ደግሞ 2.7 ሜትር ርዝመት ያለውን ስምንት ቁጥር ዘንግ ይመርጣሉ።

አንዳንዶች ስፖርቱ እንዲጥም ብለው ቀጭንና ደካማ መሣሪያ ይይዛሉ። እኛ አንስማማም። ትግሉ በረዘመ ቁጥር በዓሣው ጡንቻ ላክቲክ አሲድ ይጠራቀማል፤ ስንቁ የተቆጠረ፣ ዳግመኛ የማይበላ ዓሣ ደግሞ በትግሉ ያቃጠለውን ኃይል የሚተካበት መንገድ የለውም። የሚለቀቅ ከሆነ ዕንቁላል ሳይጥል ሊቀር ይችላል።

መንጠቆውም በዚሁ ሚዛን ይታያል። ነጠላና ከጫፉ ኋላ የተገላቢጦሽ እሾህ የሌለው መንጠቆ ይመረጣል። ብዙ ሰው እሾህ የሌለው መንጠቆ ዓሣ ያስመልጣል ብሎ ይፈራል። ክሩ ከላላ እውነት ነው። ነገር ግን እሾህ በሌለበት ለመውጋት የሚያስፈልገው ኃይል ያንሳል፤ የቸም መንጋጋ አጥንታም ስለሆነ ይህ ጥቅም ነው። ሲለቀቅም መንጠቆው ዓሣው ከውኃ ሳይወጣ በአንድ እጅ ይነቀላል። ከውኃ በወጣ ጊዜ በስንጥቡ ላይ ያሉት ቀጫጭን ክሮች እርስ በርስ ተጣብቀው ኦክስጅን መቀበል ያቆማሉ፤ ደረቅ እጅም ከበሽታ የሚከላከልለትን የቆዳውን ልጋግ ይገፍፈዋል። የውኃው ሙቀት እዚህ ላይ ብዙ ይወስናል። በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሊትር ውኃ ወደ 11 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ሲይዝ በ20 ዲግሪ የሚይዘው 9 ያህል ብቻ ነው። በኅዳር የተለቀቀ ዓሣ በሞቃት መስከረም ከተለቀቀው ይልቅ የመትረፍ ዕድል አለው።

የትኛው ይለቀቅ?

በሁድ ካናል ሁለት ዓይነት ቸም አለ። በዓይን ብዙም አይለያዩም፤ የሚለያዩት በመምጫ ጊዜያቸው ነው። የበጋው ቸም በመስከረምና በጥቅምት ይራባል፤ የመኸሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። የበጋው ወገን ተመናምኖ በ1999 ለመጥፋት የተጋለጠ ተብሎ በአሜሪካ ሕግ ጥበቃ ተደረገለት፤ የመኸሩ ግን በማስፈልፈያዎች ጭምር እየተደገፈ ይጠመዳል። አጥማጁ ሊለየው የሚችለው በቀን መቁጠሪያ ነው፤ ደንቡም በቀን የተወሰነው ለዚህ ነው።

ከሌሎቹ ሳልሞኖች ለመለየት ግን ዓይን ይበቃል። ቺኑክ በጀርባውና በጅራቱ ላይ ጉልህ ጥቁር ነጠብጣብ አለው፤ ድዱም ጥቁር ነው። ቸም ይህን የመሰለ ነጠብጣብ የለውም፤ በጅራቱ ላይ ብርማ ጭረቶች ይታያሉ፣ ጅራቱ ከገላው የሚገናኝበትም ቀጭን ነው። በዘንግ የሚያጠምድ ሰው ይህን አይቶ ይለቃል። መረብ ግን አያይም። መረብ የሚመርጠው በቀዳዳው ስፋት ብቻ ነው፤ ራሱ የሚገባና ገላው የማያልፍ ዓሣ በስንጥቡ ይያዛል። በዩኮን ወንዝ ትልቁን ቺኑክ አሳልፎ ቸሙን ለመያዝ የመረቡን ቀዳዳ ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ማጥበብ ከተሞከሩት መንገዶች አንዱ ነው። ይህም ፍጹም አይደለም፤ ትናንሽ ቺኑኮች አብረው ይጠለፋሉ።

መረብ ዓሦች ለመራባት በሚሰበሰቡበት ወንዝ አፍ ሲዘረጋ የሚያደርሰውን ጉዳት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጣና ሐይቅ ብቻ የሚገኙት ሌቦባርቡስ የተባሉት ዓሦች ብዙዎቹ በክረምት ወደ ጉማራና ወደ መሰሎቹ ወንዞች ወጥተው ይራባሉ። በ1980ዎቹ አጋማሽ የናይለን መረብና የሞተር ጀልባ ከገቡ በኋላ፣ በ1990ዎቹ ዓመታት ውስጥ ወንዝ የሚወጡት ዓይነቶች ብዛት በ75 በመቶ ገደማ መቀነሱን የዓሣ ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ሌቦባርቡስ እንደ ቸም አንዴ ተራብቶ አይሞትም፤ ረጅም ዕድሜ ይኖራል፣ ደጋግሞም ይወልዳል። ይሁንና ወንዝ አፍ ላይ በየዓመቱ መሰብሰቡ ለመረብ የሚያጋልጠው በዚያው መንገድ ነው።

በዩኮን ዳር የሚኖሩት ነባር ሕዝቦች ከመረብ ሌላ የዓሣ መንኮራኩር አላቸው። በወንዙ ፍሰት የሚሽከረከር፣ ሁለት ሦስት ቅርጫቶች የተገጠሙለት ትልቅ የእንጨት መሣሪያ ነው። ቅርጫቱ ሽቅብ የሚዋኘውን ዓሣ ከነሕይወቱ ዘግኖ በተንሸራታች ወደ ሣጥን ያወርደዋል። ማንኛውም ዓሣ በስንጥቡ ስለማይታነቅ፣ አጠገቡ ሰው ከቆመ ቺኑኩን ወዲያው ወደ ወንዙ መመለስ፣ ቸሙን ማስቀረት ይቻላል። ቺኑክ ባነሰባቸው ዓመታት ባለሥልጣኖቹ ይህንና የእጅ መረብን የፈቀዱት በዚህ ባሕርይው ነው፤ በ2014 በታችኛው ዩኮን የበጋውን ቸም በእጅ መረብ እየያዙ ቺኑኩን በሕይወት መልቀቅ በሥራ ላይ ውሏል።

ከዚያ በኋላ ግን ራሱ ቸሙ ጠፋ። በ2021 ወደ ዩኮን የተመለሰው ቸም ቆጠራ ከተጀመረ ወዲህ ከታየው ሁሉ ያነሰ ነበር፤ ለቤት ምግብ የሚደረገው ማጥመድ ሳይቀር ተዘጋ። ተመራማሪዎች ውድቀቱን በቤሪንግ ባሕርና በሰሜን ፓስፊክ ከደረሱት የባሕር ሙቀት ማዕበሎች ጋር ያያይዙታል፤ በሞቀው ባሕር ጫጩቶቹ የሚያገኙት ምግብ ሥብ የሌለው ሆኖ ለክረምት የሚሆን ስንቅ ሳይዙ ቀሩ። በዚያ በጋ ለወንዙ ነዋሪዎች የተፈቀደላቸው ቀዳዳው 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ አጭር መረብ ነበር፤ ሳልሞን ያልሆኑትን ትናንሽ ዓሦች ይይዝ ዘንድ ከዳርቻው ሳይርቅ የሚዘረጋ።